ሁለተኛ ትልቅ ሰው ፍለጋ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምታነቡትን ሁሉ ያደረገው ሰው ስለ ኳስም ሆነ ስለ ልጅ አያያዝ ምንም ማስረጃ እንዳልነበረው ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። ሱቄ እንጅባራ ውስጥ ከአንድ ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ሜዳ ስላችሁ ሣር የለበሰ፣ መስመር የተሰመረለት እንዳይመስላችሁ። በበጋ ላም ይግጥበታል፣ በክረምት እንቁራሪት ያድርበታል፤ ከሁለቱ የተረፈውን ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ኳሷ ደግሞ ከጎሉ ይልቅ የኔን ሱቅ በር ትወዳለች።

አንድ ቀን የሙሽራ ሱሪ ስተኩስ ጭቃዋን እንደተሸከመች ገብታ ሱሪው ላይ አረፈች። ኳሷን በብብቴ፣ ሱሪውን በእጄ ይዤ አሰልጣኙን ልከስ ወጣሁ። አሰልጣኙ መምህር አዳነ ይባላል፤ ሰውን በትሕትና የሚያሸንፍ ዓይነት ነው። አቤቱታዬን እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ "ልክ ነዎት። የሚያግዘኝ አንድ ሰው ባገኝ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን በደንብ አላስታውስም። ብቻ ለክስ የወጣሁት ሰውዬ ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ተመለስኩ። ፊሽካውንም የዚያኑ ዕለት አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ።

ሥራዬ ፊሽካ መንፋት፣ የወደቀ ማንሳት፣ ማልያ መስፋት ነው። ማልያውን በነፃ ነው የሰፋሁት፤ ስድስት ቁጥርን ገልብጬ በመስፋቴ ቡድናችን እስከ ዛሬ ሁለት ዘጠኝ ቁጥር አለው። ማንም አልተናገረኝም። በነፃ የተሰፋ ልብስ ላይ አፍ የሚያወጣ የለም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን፣ ከታዳጊዎች ጋር የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ስለ ልጆች ደኅንነት መሠልጠን አለባቸው ተባለ። መምህር አዳነ ቀደም ብሎ ሠልጥኗል። ስለዚህ እኔ ዳንግላ ሂድ ተባልኩ። ለባለቤቴ ስነግራት ከምትለቅመው ሽሮ ላይ ቀና ብላ፣ "አንተ ነህ ልጅ የምትጠብቀው? መቀስህ በቀን ስንቴ ነው የሚጠፋብህ?" አለችኝ። በዚያች ሰዓትም መቀሴን እየፈለግሁ ነበር።

እኔ የልጆች ደኅንነት ሲባል የመሰለኝ ቁስል ማሰር፣ ሚስማር ከሜዳ መልቀም ነው። ዳንግላ ከሚኒባስ ወርጄ በጋሪ የሥልጠናው አዳራሽ ደረስኩ። አሠልጣኛችን ወይዘሪት ራሔል የምትባል ወጣት ናት፤ ከኔ የመጀመሪያ ልጅ አትበልጥም። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ግን አዳራሹ ውስጥ የሚንሾካሾክ ሰው ካለ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ያ ሰውም ድምፁን ይውጣል። ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ቢያዝን የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። የኳስ ዳኛ ማለቴ ነው፤ አነጋገራቸው ግን የፍርድ ቤት ነው።

ወይዘሪት ራሔል ልጅን መምታት፣ መስደብ፣ ማሸማቀቅ እንደማይፈቀድ ስትናገር አቶ ቢያዝን እጃቸውን አወጡ።

"ኩርኩምስ?" አሉ።

"ኩርኩምም መምታት ነው አባቴ።"

"ትንሽ ኩርኩም ማለቴ ነው። ለማስታወስ ያህል።"

"የኩርኩም ትንሽ የለውም።"

አቶ ቢያዝን ወደኔ ዘንበል ብለው፣ "በኔ ጊዜ ነበረው" አሉኝና ተቀመጡ።

ሳቅን። እሷም ፈገግ አለች። ከዚያ ግን ወንበር ስባ መካከላችን ተቀመጠችና፣ ልጆች መጥፎ ነገር ሲደርስባቸው ለምን እንደማይናገሩ ጠየቀችን። አንዱ ፈርተው ነው አለ፣ ሌላው ስለማይገባቸው ነው አለ። "አንዳንዴ ተናግረውን ነው" አለች። "ተናግረውን፣ ዝም በል ብለናቸው ነው። ጋሼ እከሌ እንዲህ አያደርግም ብለናቸው ነው።" እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ የሚስማር ለቀማ አለመሆኑ ገባኝ።

ትምህርቱን ከልቤ ያዝኩት። ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ርቆ ብቻውን አይሆንም። ልጅ ከልምምድ በኋላ የሚሰጠው ወላጅ በስም ላሳወቀው ሰው ብቻ ነው፤ ዘመድ ነኝ ማለት አይበቃም። ልጅን ለመንካት ልጁ ይጠየቃል። ሌላም ብዙ ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ተግባር ነው ተባለና እኔ ልጅ፣ አቶ ቢያዝን አሰልጣኝ ሆነን ፊት ወጣን። አቶ ቢያዝን ወገባቸውን ይዘው እየተጣጠፉ፣ "ልጄ፣ የጫማህን ክር ላስርልህ ትፈቅድልኛለህ?" አሉኝ።

"አልፈቅድም" አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሥልጣኑ ጣመኝ። ሰውዬው በታጠፉበት ቀርተው ወደ አሠልጣኟ ቀና ሲሉ፣ "ጥሩ ነው፤ አልፈቀደም። አሁን ራሱ እንዲያስር ያሳዩት" አለች። አቶ ቢያዝን የሃምሳ ዓመት ጎልማሳን ክር ማሰር እያስተማሩ ከሰዓቱ አለቀ። ስንለያይም አልሳቁልኝም።

እንጅባራ ስመለስ ሌላ ሰው ነበርኩ። ወንድ ልጄ ኮሌታው ተጣሞ ሲወጣ፣ "ኮሌታህን ባስተካክልልህ ይደብርሃል?" አልኩት። ልጁ እናቱን ጠርቶ፣ "አባዬን ምን ሆነ?" አላት። ሱቅ ውስጥ ለዩኒፎርም የሚለካ ሕፃን ሲመጣ፣ ለትከሻው አንድ ፈቃድ፣ ለወገቡ አንድ ፈቃድ፣ ለእጅጌው አንድ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አንዱ ሕፃን ለወገቡ እምቢ አለኝ። ሱሪውን በግምት ሰፋሁለት፤ አሁን በገመድ አስሮ ነው የሚሄደው። ግን ገመዱንም ራሱ ነው ያሰረው።

የጉዱ ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህር አዳነ ከጥሊሊ የለቅሶ ጥሪ ደርሶት ሄደ። "እትዬ አዛሉ ሜዳው ዳር ናቸው፤ እሳቸው ካሉ ሁለት ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው" ብሎኝ ነው የሄደው። እትዬ አዛሉ ሜዳው ጥግ ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር የሚሸጡ ሴት ናቸው። የኳስ ሕግ አያውቁም፤ የሚያገባ ልጅ ድንች እንደሚገዛ ግን ያውቃሉ። ስለዚህ ለሁለቱም ቡድን ያጨበጭባሉ።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ መጣ። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አያስጠነቅቅም። እትዬ አዛሉ ሳፋቸውን ተሸክመው ሮጡ። ልጆቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የሚረከባቸው የመጣላቸው ከሚረከቧቸው ጋር፣ ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑት በቡድን በቡድን ሆነው ሄዱ። ዞር ስል አንዲት ልጅ ቀርታለች። ቤዛዊት፣ ቤዛ የምንላት፣ በረኛችን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ዓመቱን መንገድ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምትወስዳት እናቷ ወይዘሮ ሙሉ ናት፤ ዳንግላ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጥና በሚኒባስ ተመልሳ ልጇን ከሜዳ ይዛ ትገባለች። ማን እንደሚረከባት ስትጠየቅም "እኔ ብቻ" ብላ ነበር ያስመዘገበችው።

ስልክ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። የኛ ኔትወርክ ዝናብ ሲያይ ከሰው ቀድሞ ነው የሚጠለለው።

ሱቄ ፊት ለፊት ናት፤ ግን ሱቅ ውስጥ እኔና ልጅቷ ብቻችንን እንሆናለን። የሜዳው ዳር የቆርቆሮ መጠለያ አለ፤ ግን ጀርባው ግንብ ነው፣ ከመንገድ አይታይም። ስለዚህ ልጅቷን ይዤ የሜዳው መሐል ላይ ቆምኩ። ካፖርቴን አውልቄ፣ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረግሁላት።

"ጋሼ፣ ለምን እዚያ ጣራው ሥር አንቆምም?" አለችኝ።

"ሰው የማያየው ቦታ ስለሆነ ነው። ሰው በሚያየን ቦታ ነው መሆን ያለብን።"

ቤዛ ዙሪያውን አየች። ከአድማስ እስከ አድማስ ውሻ እንኳ አልነበረም።

"እዚህስ ማን ያየናል?"

አሰብኩበት። ልክ ናት። በሕጉ መሠረት ስንበሰብስ የሚያየን አንድም ምስክር አልነበረም።

እንዲህ እያለን እትዬ አዛሉ ከዝናቡ ውስጥ ብቅ አሉ። የሚጥሚጣ ዕቃቸውን ረስተው ነው የተመለሱት። በሕይወቴ የሰው መልክ እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም። ሮጬ መንገድ ዘጋሁባቸው።

"ልጅቷን ወደ ቤቷ አትወስዳትም? ለምን ታበሰብሳታለህ?" አሉኝ።

"ብቻዬን መውሰድ አልችልም እትዬ። ሁለተኛ ትልቅ ሰው ያስፈልገኛል።"

"ለምን? ያምሃል?"

ነገርኳቸው። ወይዘሪት ራሔል የተናገረችውን እስከ መጨረሻው፣ ልጆች ተናግረውን ነው እስካለችው ድረስ ነገርኳቸው። እትዬ አዛሉ ዝናቡን ረስተው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ "ጥሩ ሕግ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኛ ልጅ ሳለን ቢኖር ጥሩ ነበር።" ከዚያ ሳፋውን ከራሳቸው አውርደው ለኔ አሸከሙኝና፣ "በል ምራ" አሉኝ።

የቤዛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በዘንገና አቅጣጫ ነው፤ በእግር በዚያ ዝናብ አይሞከርም። አንድ ባጃጅ አስቆምን። ሾፌሩ ሀብቴ ይባላል፤ ልብስ የምሰፋለት ደንበኛዬ ነው። በነገሩ ስለተለከፍኩ፣ "ዕድሜህ ስንት ነው? እንደ ትልቅ ሰው ልቁጠርህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የሠርግ ልብሴን ማን ነው የሰፋው?" አለኝ።

ቆጠርኩት። አሁን ሦስት ትልቅ ሰው ሆንን። እትዬ አዛሉና ቤዛ ከኋላ፣ እኔ ከነሳፋው ከፊት ከሀብቴ ጋር ተጣብቄ፣ ልቤ ሞልቶ ሄድኩ። ሀብቴ በሳፋው ምክንያት መንገዱን በአንድ ዓይኑ ነበር የሚያየው። ከአስፋልቱ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ባጃጁ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ። ብንገፋው የበለጠ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ስለወረደ በእግር ለመቀጠል ወሰንን። ሀብቴ ከባጃጁ ወንበር ሥር ጋቢ አወጣና፣ በሸሚዝ ብቻ ስለነበርኩ አለበሰኝ። እሱም አብሮን ተነሣ።

"አንተ እዚሁ አትጠብቅም?" አልኩት።

"ከናንተ ከተለየሁ ማን ይገፋልኛል? እስክትመለሱ አለቃችሁም" አለኝ።

ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን አንድ ሰው በፈረስ መጣ። ፈረሱ ያጌጠ፣ ሰውዬው ደንደን ያለ ነው። እኛን ሲያይ ልጓሙን ሳበ። ከዚያ ቤዛን አያት። ልጅቷ ካፖርቴ ውስጥ ጠፍታ እጅጌው መሬት ይጠርጋል።

"ቤዛ፣ ምን ሆነሽ ነው? እነዚህ እነማን ናቸው?" አላት። በአገውኛም አንድ ነገር ጨመረ። እኔ አገውኛ ጥቂት እሰማለሁ፤ የተናገረው ስለኔ ስለሆነ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

"አጎቴ ነው፤ ጋሼ ደሳለኝ። የእናቴ ወንድም" አለችኝ ቤዛ።

አቶ ደሳለኝ ከፈረሱ ላይ እጁን ዘረጋ። "በሉ ስጡኝ፣ ፊቴ አስቀምጬ አደርሳታለሁ። እናንተም ተመለሱ።"

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይመለሳል። እኔ ግን ሳፋዬን አቅፌ በልጅቷና በፈረሱ መካከል ገባሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምዎ አልተመዘገበም" አልኩት።

"ስሜ የት ነው የሚመዘገበው?"

"እናቷ ልጄን መረከብ ይችላሉ ብላ ከሰጠችን ስም ውስጥ የሉም።"

"እናቷን እኮ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።"

"ሊሆን ይችላል። ግን አልነገረችንም።"

ሰውዬው ከፈረሱ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፈረሱም አየኝ። እንደፈራሁ አልደብቃችሁም፤ ሳፋው ውስጥ ያሉት ድንቾች እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማ ነበር። እትዬ አዛሉ ከኋላዬ፣ "ሕግ ነው ወንድሜ፣ እኛም አንወደውም" አሉ ለማለሳለስ።

አቶ ደሳለኝ ከፈረሱ ወረደ። ልጓሙን ይዞ ከጎናችን መሄድ ጀመረ። "እሺ። አባቴ ፊት ስትደርስ ይህንኑ ትደግመዋለህ" አለኝ። ቤዛ ግን ደስ ብሏታል፤ የፈረሱን ጭራ እያየች፣ "ጋሼ፣ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ እንሂድ?" ትለኛለች።

ቤት ስንደርስ ሊመሽ ሲል ነው። ቤዛ ጭቃ ስለነበረች ልብስ ልትቀይር በጓሮ በኩል ወደ ማድ ቤት ሮጠች። አቶ ደሳለኝ ፈረሱን ሊያስር ወደ ጎን ሄደ። እኛ ሦስታችን ወደ ዋናው በር ተጠጋን። እዚያ ስንደርስ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ቤት ያሉት አያቷ አያ ስንሻው ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም ስም አልተመዘገበም።

"እና እዚሁ ደጅ ልናድር ነው?" አሉኝ እትዬ አዛሉ።

"አይ፣ ማን እንደሚረከባት እንነጋገርና እንጨርሳለን" አልኩ።

አያ ስንሻው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩን ብድግ ብለው፣ "ግቡ፣ ግቡ። ዝናቡ ጎድቷችኋል። ተቀመጡ" አሉ።

"እግዜር ያክብርልን አባቴ። የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር ግን አንቀመጥም" አልኩ።

እስቲ አሁን እኛን በእሳቸው ዓይን እዩን። ሊመሽ ሲል የመጡ ሦስት ሰዎች። አንዱ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ የያዘ። አንዲት ትልቅ ሴት። አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ። ግቡ ሲባሉ የሚገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ የማይቀመጡ። በኛ አገር እንዲህ አድርጎ የሚቆም ሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚመጣው። ስንት የሙሽራ ልብስ የሰፋሁት እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

አያ ስንሻው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ወፈር አለ። "መልካም። ተናገሩ።"

"የመጣነው ስለ ልጃችሁ ነው።"

"ያላገባች ልጅ የለችኝም። ስለ የትኛዋ?"

"ስለ ቤዛ።"

እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማል። "ስለ ቤዛዊት?" አሉ።

"አዎ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሁላችንም እንኮራባታለን። ግን ከእንግዲህ ማን እንደሚረከባት በስም ተለይቶ እንዲነገረን እንፈልጋለን።"

"ማን... እንደሚረከባት?"

"አዎ። አንድ ሰው አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው።"

ሀብቴ አሳለው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጎን ሰደዱ። የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በደብዛዛው ብርሃን አልታየኝም።

"ገና ሕፃን ናት እኮ። የወተት ጥርሷ ተነቃቅሎ አላለቀም" አሉ።

እኔ ስለ ኳስ መሰለኝ። "አባቴ፣ ይህ ነገር እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ነው የሚጀመረው። ካደገች በኋላ ብንይዛት እግሯ ይደርቃል" አልኳቸው።

አያ ስንሻው ተነሡ። በእጃቸው የያዙት ከኔ የሚረዝም ዱላ ነው። አልጮሁም፤ ባለመጮኻቸው ነው የፈራሁት።

"እናቷን ገና እንደሷ ሳለች ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር" አሉ። "በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ ይድር ነበር። እኔ ተማሪ ናት ብዬ በዚህ ዱላ ሸኘኋቸው። ዘመድ አኮረፈኝ፣ ጎረቤት አማኝ። ክንዴ ደከመ እንጂ ዱላው ያው ነው። ደሳለኝ፣ በሩን ያዝ።"

አቶ ደሳለኝ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። በደስታ ያዘው። "እኔም መንገድ ላይ ጠርጥሬው ነበር" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሳፋውን ፊቴ ላይ ጋሻ አደረግሁት። ወዳጆቼም በአንድ ጊዜ ከዱኝ። እትዬ አዛሉ፣ "እኔ ድንች ሻጭ ነኝ፣ ዝናብ ነው ያመጣኝ" አሉ። ሀብቴም፣ "እኔ ባጃጄን የሚገፋልኝ ሰው ፍለጋ ነው" አለ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ዱላ ሥር ሆኜ፣ ከፍርሃቴ በታች የሆነ ቦታ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወይዘሪት ራሔል ይህን ሽማግሌ ብታይ ሥልጠናውን ለሳቸው ነበር የምታስረክበው።

ቤዛ ደረቅ ልብስ ለብሳ በጓሮ በር ገባች። ዱላውን አየች፣ እኔን አየች።

"አባባ፣ ጋሼ እኮ ምክትል አሰልጣኛችን ነው። ብቻውን እንዳይወስደኝ ነው እነሱን ያመጣቸው" አለች።

ሽማግሌው ዱላውን አላወረዱም። "ምን ያሠለጥናል?"

"ኳስ። እኔ በረኛ ነኝ።"

ነገሩን ከሜዳው ጀምሬ እስከ ፈረሱ ድረስ ተረክሁላቸው። አያ ስንሻው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ስለ እግሯ መድረቅ የተናገርኩት ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ግን ኮስተር ብለው ጠየቁኝ።

"ደሳለኝን መንገድ ላይ ከለከልከው?"

"ከለከልኩ።"

"የሥጋ አጎቷን?"

"እሷ ታውቃቸዋለች አባቴ። እናቷ ግን አልነገረችኝም።"

"ደህና አደረግህ" አሉ። አቶ ደሳለኝ ፈረሱን ላጠጣ ብሎ ወጣ። ዝናብ ሲጠጣ የዋለ ፈረስ ነው።

ተቀመጥን። እትዬ አዛሉ ሳፋውን ገለጡ፤ ድንቹ አሁንም ለብ ያለ ነበር። ሀብቴ ሳናውቅ የጋብቻ ሽማግሌ የሆንንበትን ሁኔታ እኔን እየመሰለ ያስቃቸዋል። እኔም በልቤ፣ ከሥልጠናው አንዲት ነገር ሳላጓድል ፈጸምኩ እያልኩ ራሴን እያመሰገንኩ ነበር። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ሙሉ ገባች።

ነጠላዋ የለም። አንዱ ጫማዋ የለም። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። በእጇ የቤዛን የውሃ ኮዳ ይዛለች። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ልጇ ሄደች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቃችን ባለበት ቀረ።

የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት ኖሯል። ስትደርስ ሜዳው ባዶ ነው። ሱቄ ዝግ ነው። እትዬ አዛሉ የሉም። ያገኘችው የልጇን ኮዳ ብቻ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ። ቤት ለቤት ጠየቀች። ያየ ሰው የለም፤ ዝናብ ነበራ። ከዚያ በእግሯ ሮጠች፤ የቆመ ባጃጅ አልፋ መምጣቷን እንኳ አላስተዋለችም።

ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

"ጋሼ፣ ልጄን ይዘው መሄድዎን ለማን ነገሩ?" አለችኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ጎረቤት ሱቅ አለ፣ ፊት ለፊት ቤቶች አሉ። አንድ በር አንኳኩቶ እናቷ ከመጣች ንገሯት ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ወይዘሪት ራሔልም ብላን ነበር፤ ከሁሉ በፊት ወላጅ ይወቅ ብላን ነበር። እኔ ግን ማን እንደሚያየኝ ስጨነቅ፣ የምትፈልገኝን ረሳሁ።

"ለማንም" አልኳት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ስልክ እምቢ ሲለኝ ሌላ መንገድ አላሰብኩም።"

አያ ስንሻው ሊናገሩ ሲሉ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ፈርተሽ ነበር?"

ቤዛ ድንች እያኘከች አሰበች። "እኔ አልፈራሁም። ጋሼ ነው የፈራው። ጋሼ ደሳለኝ በፈረስ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አልሰጠኝም።"

ወይዘሮ ሙሉ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፤ ወይም እያለቀሰች መሳቅ፤ አለየሁትም። ብቻ ከእሳቱ ዳር ያለውን ዱካ ወደኔ ገፋችልኝ። "ይጠጉ፤ ልብስዎ ይድረቅ" አለችኝ። ያን ያህል የከበደኝ ዱካ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ባጃጁን ያወጣው በመጨረሻ የአቶ ደሳለኝ ፈረስ ነው። ሰውዬው ገመዱን ሲያስር፣ "የባጃጁ ስም ተመዝግቧል?" ብሎ ጠየቀኝ። ታርቀናል ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት።

አሁን ዝናብ ሲያጉረመርም መጀመሪያ የማደርገው ጎረቤት ሱቅ ሄጄ የት እንደምንሆን መናገር ነው። ወይዘሮ ሙሉም የአባቷንና የወንድሟን ስም ሰጥታናለች። አያ ስንሻው ስማቸው ከተሰጠ ወዲህ አንድም ልምምድ ቀርተው አያውቁም። ከእትዬ አዛሉ አጠገብ ተቀምጠው ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ፤ እኔ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ዱላው መሬቱን ሁለቴ ይመታል፣ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ። ባለፈው ቤዛ አንዲት የማትያዝ ኳስ ዘላ ያዘች። ሽማግሌው በደስታ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳው ውስጥ ገቡ። ሊያቅፏት ሲሉ ቆም አሉና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የኔ ልጅ፣ ልቀፍሽ?" አሏት።

ቤዛ ኳሷን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አየቻቸው።

"ቆይ አባባ" አለች። "ጨዋታው አላለቀም።"

ሽማግሌው እሺ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ እኔም ፊሽካዬን ነፋሁ።